ሐሳብና ሥር የሰደደ በሽታ፦ ልባችንን የምናሳርፍባቸው መንገዶች

(በካምፑ ሬድዮ የጤና ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ይህን ንግግር የማቀርብላችሁ ከጅቡቲ ከተማ ነው። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ በማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛነት የማገለግል ወጣት ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ቤት ለቤት መዞር ነው። ስኳር እለካለሁ፣ ግፊት እለካለሁ፣ የኪኒን አወሳሰድ አስረዳለሁ። ከአሊ አዴና ከሆልሆል ካምፖች በሪፈር ወደ ከተማ የሚመጡ ሕመምተኞችንም ወደ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ።

በዛሬው ፕሮግራማችን የምንነጋገረው ስለ ሐሳብ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ በሽታ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ እንዲሁም ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ወገኖቻችን መድኃኒታቸውን በየቀኑ ይወስዳሉ። ሐሳቡ ግን ኪኒን የለውም። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ እሱ ይነቃል። «መድኃኒቱ ቢያልቅስ? እኔ ብሞት ልጆቼን ማን ያያቸዋል? ፕሮሰሱ ምን ደረሰ? አገር ቤት ያሉት በሕይወት አሉ?» እያለ እስኪነጋ ያብሰለስላል። ይህን ሐሳብ እንዴት እናሳርፈው? የዛሬው ርእሳችን ይኸው ነው።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ።

አንዲት እናት አሉ። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ስኳራቸውን ስለካ 340 ሆኖ አገኘሁት። በቁጥሩ ደነገጥኩ፤ ደንግጬም ቆጣ አልኩ። «ኪኒኑን ወስደዋል? ጣፋጭ በልተዋል?» እያልኩ እንደ መርማሪ ጠየቅኋቸው። «ወስጃለሁ፣ ጣፋጭም አልበላሁም» አሉኝ። «እንግዲያው ሐሳብ ነው፤ አይጨነቁ» ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። እሳቸውም ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ለተራበ ሰው ‹አይራቡ› ይባላል እንዴ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መንገዱን ሁሉ ይህን ንግግራቸውን እያሰብኩ ሄድኩ። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩና በዚያን ቀን ዕቃዬን ሳልከፍት ቁጭ አልኩ። ቡና አፈሉ። በሁለተኛው ስኒ ላይ የኪኒን ከረጢታቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ኪኒኖቹ ሁሉ በቢላዋ ለሁለት ተከፍለዋል። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ መድኃኒት ዘግይቶባቸው ስለነበር፣ እንዳያልቅባቸው ፈርተው ግማሽ ግማሹን ነበር የሚወስዱት። «ወስጃለሁ» ያሉት ውሸት አልነበረም። «ስንት ወሰዱ?» ብዬ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ስኒ ላይ ደግሞ ሌላውን ነገሩኝ። ልጃቸው በኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን ከሄደ ስምንት ወር ሆኖታል። ድምፁ አልተሰማም።

ውድ አድማጮች፣ ከእኚህ እናት የተማርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

ሐሳብ በሰውነታችን ላይ ምን ያደርጋል?

ሰው ሲፈራና ሲጨነቅ ሰውነቱ «ልሸሽ ወይም ልታገል ነው» ብሎ ይዘጋጃል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ቅመሞች በደም ውስጥ ይረጫሉ። ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ግፊት ይጨምራል። ጅብ ለሚያመልጥ ሰው ይህ ጥሩ ነው። ሮጦ ስኳሩን ያቃጥለዋል። በሸራ ቤት ውስጥ ተኝቶ ለሚያስብ ሰው ግን የሚሮጥበት ቦታ የለውም። የተለቀቀው ስኳር እዚያው ደም ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሐሳብ የበዛበት የስኳር ሕመምተኛ ምግቡን እየጠበቀም ስኳሩ ከፍ ሊልበት ይችላል። አስም ያለበትም ሰው ጭንቀት ሲይዘው ትንፋሹ ይበልጥ ሊያጥረው ይችላል። እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ግፊትንም ስኳርንም ያባብሳል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በደንብ እንያዝ። «ሐሳብ በሽታህን ያብሳል» ማለት «ሕመምህን ያመጣኸው አንተ ነህ» ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረገው ግምት፣ ጦርነትና ግጭት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ 5 ሰዎች አንዱ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። አገሩን ጥሎ ለወጣ ሰው ሐሳብ መያዙ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እምነት ማነስም፣ ድክመትም፣ እብደትም አይደለም።

ሁለት ዓይነት ሐሳብ

ያቺ እናት ሁለት ሐሳብ ነበራቸው። አንደኛው «ኪኒኑ ያልቅብኛል» የሚል ነው። ይህ መልስ ያለው ሐሳብ ነው። ኪኒኖቹን አብረን ቆጠርን። ሙሉውን መጠን ቢወስዱ ስንት ቀን እንደሚያደርሳቸው አሰላን። ቀኑን በወረቀት ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ከማለቁ ከአንድ ሳምንት በፊት ለክሊኒኩ እንዲነግሩም ተስማማን። ሐሳቡ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሌሊት ሲመጣባቸው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

ሁለተኛው የልጃቸው ነገር ነው። ይህ በአንድ ቀን መልስ የማይገኝለት ሐሳብ ነው። የሚደረገው ቢደረግም የሚጠበቀው ይጠበቃል። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግና የማገናኘት አገልግሎት አላቸው። ክፍያ የለውም። አብረን ሄደን የልጁን ስም፣ የትውልድ ቦታውንና የሄደበትን ጊዜ አስመዘገብን። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ለመጠበቅ ደግሞ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

እናንተም ሐሳብ ሲይዛችሁ መጀመሪያ «ይህ መልስ ያለው ነው ወይስ የሚጠበቅ?» ብላችሁ ለዩት። መልስ ላለው ዛሬ የምትሠሩትን አንድ ትንሽ ነገር ምረጡ። አንድ ብቻ።

ይህ አሠራር በሌላም አገር ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በሚባል የድሆች ሰፈር ሥራ ጀመሩ። የአእምሮ ሐኪም በአገሩ በጣም ጥቂት ስለነበር 14 አያቶችን አሠለጠኑ። አያቶቹ በክሊኒኩ ግቢ ከዛፍ ሥር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የተጨነቀውን ሰው ያዳምጡታል። ከብዙው ችግሩ አንዱን ይመርጥና መፍትሔውን አብረው ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ ወንበር የታገዙት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ጭንቀታቸውና ትካዜያቸው ካልታገዙት በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ አግዳሚ ወንበርና የሚያዳምጥ ጆሮ ይህን ያህል ይሠራል። እኛ ደግሞ በርጩማና ጀበና አለን።

ሐሳብን ለማሳረፍ የሚረዱ ነገሮች

1. የሐሳብ ሰዓት መመደብ። «አላስብም» ያለ ሰው ይበልጥ ያስባል። ከዚያ ይልቅ ለሐሳብ ሰዓት ስጡት። ለምሳሌ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ከሩብ። በዚያን ሰዓት ቁጭ ብላችሁ አስቡ፣ ከፈለጋችሁም አልቅሱ። ሌሊት ሲመጣ «ነገ በ11 ሰዓት እንገናኝ» በሉት። መጀመሪያ ቀልድ ይመስላል። በጥቂት ሳምንታት ግን ልማድ ይሆናል። የመኝታ ሰዓት አካባቢ ብቻ አታድርጉት።

2. ትንፋሽን ማርዘም። ቁጭ በሉ፤ እግራችሁን መሬት አስነኩ። በአፍንጫችሁ እስከ ሦስት እየቆጠራችሁ ሳቡ። በአፋችሁ፣ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዙ አድርጋችሁ፣ እስከ አምስት ወይም ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ደጋግሙት። አየር ማውጣቱ ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል። አስም ያለባችሁ ግን ትንፋሽ ሲያጥራችሁ መጀመሪያ የሚነፋውን መድኃኒታችሁን ተጠቀሙ። ልምምዱ የመድኃኒት ምትክ አይደለም። ይህን የምለው ከራሴም ተሞክሮ ነው፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። በነሐሴ ሙቀትና አቧራ ውስጥ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ፍርሃቱ ከሕመሙ ቀድሞ ሊያንቀኝ ይደርሳል። መድኃኒቴን ነፍቼ፣ ተቀምጬ፣ እየቆጠርኩ ስተነፍስ ፍርሃቱ ይለቀኛል።

3. ወዳለንበት መመለስ። ሐሳብ ሲወስዳችሁ «ይህ ሐሳብ ነው» ብላችሁ ስም ስጡት። ከዚያ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የምታዩአቸውን አምስት ነገሮች ቁጠሩ። የምትሰሙትን ሦስት ድምፅ ለዩ፦ የሕፃን ድምፅ፣ የነፋስ፣ የጀሪካን ውኃ። በኡጋንዳ ሪኖ ካምፕ የሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች እንዲህ ያለውን ልምምድ በድምፅ ከተቀዳ ትምህርት በቡድን ሆነው ለአምስት ሳምንታት ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት ከሦስት ወር በኋላም ጭንቀታቸው ካልተማሩት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ሐሳቡ ሄደ ማለት አይደለም፤ እየመጣም ሥራቸውን መሥራት ቻሉ ማለት ነው።

4. እጅን ማሠራት። ሥራ የያዘ እጅ ሐሳብን ያዘገያል። ስፌት፣ ጥልፍ፣ ሹራብ፣ ፈትል የምታውቁ እናቶች ጀምሩ። ወንዶችም አትቦዝኑ። ዳማ የቆርኪ ክዳን ይበቃዋል፤ ገበጣ መሬት ላይ ጉድጓድና ጠጠር ብቻ ነው የሚፈልገው። ጠጠር የሚቆጥር ሰው ሐሳብ መቁጠር ይረሳል። ፊደል የምታውቁ ሽማግሌዎች በቀን ለአንድ ሰዓት ሦስት አራት ልጆች ሰብስቡና ሀ ሁ አስተምሩ። «ለምንም አልጠቅምም» የሚለውን ሐሳብ እንደዚህ ያለ ሥራ ነው የሚያባርረው።

5. መንቀሳቀስ። ስኳሩን ጉበት ከለቀቀው ጡንቻ ያቃጥለዋል። በሙቀቱ ወራት፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ጎሕ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ተራመዱ። ከአሥር ደቂቃ ጀምሩ። ስኳር ያለባችሁ ያለ ጫማ አትውጡ። በባዶ እግር የገባ እሾኽ ሳይሰማችሁ ሊቆስል ይችላል። የደረት ሕመም ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።

6. ከብጤ ጋር መገናኘት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ስኳር ያለባችሁ አራት አምስት ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ቡና አብራችሁ ጠጡ። ቡናው ያለ ስኳር ይሁን። ግፊት ያለባችሁ በጨው የመጠጣቱን ልማድ ተዉት። እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አትጠጡ። ስለ በሽታ ብቻ አታውሩ፤ ስለ አገር ቤት ሠርግም አውሩ፣ ሳቁም።

7. ወሬን በሰዓት መስማት። ስልክ ይዞ የሚያድር ሰው ሐሳብ ይዞ ያድራል። የአገር ቤት ወሬ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ እሱም በቀን ብርሃን። ፌስቡክ ላይ ያያችሁትን ሁሉ እውነት ነው ብላችሁ አትቀበሉ። ከዘመድ ጋር የምትደውሉበትም ሰዓት የታወቀ ይሁን። ያን ጊዜ ስልኩ ሲዘገይ ልብ አይሰቀልም።

በማወቅ የሚቀልሉ ሐሳቦች

አንዳንድ ሐሳብ እውቀት ሲያገኝ ይቀልላል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

የመጀመሪያው ኢንሱሊን ነው። «ማቀዝቀዣ የለኝም፤ መድኃኒቴ በሙቀቱ ተበላሽቷል» ብለው የሚጨነቁ፣ ከዚያም አልፎ የሚጥሉት አሉ። በኬንያ የዳጋሃሌ ስደተኞች ካምፕ የተለካውን ሙቀት መሠረት አድርጎ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ውስጥ ለአራት ሳምንታት የቆየ ኢንሱሊን፣ በማቀዝቀዣ እንደተቀመጠው ሁሉ ኃይሉን ጠብቆ ተገኝቷል። የእኛ አገር በጋ ግን ከ37 ስለሚያልፍ ጥላ ያስፈልጋል። ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ አድርጋችሁ፣ እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ አስቀምጡ። ደረቅ አየር ባለበት በካምፕ ይህ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ እዚህ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቅዝቃዜው ያነሰ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ክሊኒክ አሳዩ እንጂ በራሳችሁ አትጣሉ፤ መርፌውንም አታቋርጡ።

ሁለተኛው «ጭንቀት ነው» ተብሎ የሚታለፍ የስኳር ማነስ ነው። ድንገት ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ መደናገር፣ ረኃብ ጭንቀትም ይመስላል፤ የስኳር ማነስም ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው እንዲህ ሲሆን ቢቻል ይለካ። መለኪያ ከሌለ አትጠብቁ። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በአስቸኳይ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

«ስደተኛ ስለሆንኩ አልታከምም» የሚልም ሐሳብ እሰማለሁ። የጅቡቲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የስደተኞች ሕግ ስደተኛ የጤና አገልግሎት፣ የትምህርትና የሥራ መብት እንዳለው ደንግጓል። የስደተኛነት ካርዳችሁን ጠብቁ፤ የሪፈር ወረቀታችሁንና የመድኃኒት ዝርዝራችሁን አንድ ላስቲክ ውስጥ አኑሩ።

የሚያሳርፉ መስለው የሚጎዱ ነገሮች

ጫት በየቀኑ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ከቀትር በኋላ ገበያው ይደምቃል። ብዙ ወንድሞቻችን «ሐሳቤን ላርቅ» ብለው ይቀመጣሉ። ምርቃናው እስኪያልፍ እውነትም ሐሳቡ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ እንቅልፍ ይነሣል። ሌሊት ሲመጣ ሐሳቡ ድብርት ጨምሮ ይመለሳል። አብሮ የሚጠጣው ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ ደግሞ ለስኳር ሕመምተኛ ሌላ መርዝ ነው። በአንድ ጊዜ መተው ለከበደው ቀን መቀነስ፣ ሰዓቱን ማሳጠር፣ ለስላሳውን በውኃ መለወጥ መጀመሪያ ነው።

ሲጋራ፣ አልኮል፣ ከሱቅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ የእንቅልፍ ኪኒን እንዲሁ ናቸው። የሌላ ሰው ኪኒንም አትዋሱ።

ስለ ጸሎት አንድ ነገር ልጨምር። ጸሎት፣ ዱዓ፣ ጸበል፣ ዘምዘም ለብዙ ሰው የልብ ዕረፍት ነው፤ ማንም አይከለክላችሁም። የሚጎዳው መድኃኒት ማቋረጡ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን ገልጸው ነበር። ለጾም ወይም ለረመዳን ስትዘጋጁም አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ የመድኃኒት ሰዓትና መጠን ሊለወጥላችሁ ይችላል።

ለቤተሰብና ለጎረቤት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ሰው በሽታውን የሚደብቀው ግን የሚሰማው ሲያጣ ነው። የተጨነቀ ሰው ሲያወራችሁ አታቋርጡት። «ከአንተ የባሰ አለ» አትበሉት። ያን እሱም ያውቀዋል። ምክር ከመስጠታችሁ በፊት «ከሁሉ በላይ የከበደህ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የነገራችሁንም ለሰው አታውሩ። በተለይ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምስጢሩ ሲወጣበት ከበሽታው በላይ ይታመማል።

እኔ «አይጨነቁ» ማለቱን ትቻለሁ። አሁን «አይዞዎት» እላለሁ፤ ብዬም ቁጭ እላለሁ። «አይጨነቁ» ብሎ መሄድ ይቻላል። «አይዞዎት» ያለ ሰው ግን አብሮ መቆየት አለበት።

ወደ ክሊኒክ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከዚህ በላይ ያልኳችሁ ሁሉ የማይበቃው ሐሳብ አለ። የሚከተሉት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ወደ ክሊኒክ ሂዱ ወይም የጤና ሠራተኛ ጥሩ፦

ሀ. በአብዛኛው ሌሊት እንቅልፍ ከጠፋ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ከመኝታ መነሣት ካቃተ፤
ለ. ምግብ ካስጠላ፣ ሰውነት ከከሳ፤
ሐ. ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ከጠላ፤ ልጆችን መንከባከብ ካቃተ፤
መ. «ምን ዋጋ አለው?» ብሎ መድኃኒት መውሰድ ከተተወ።

ሞትን መመኘት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ቤተሰብም ሰውየውን ብቻውን አትተዉት፤ አትቆጡት፤ መድኃኒቶቹን ሌላ ሰው ይያዝለትና በየቀኑ የዕለቱን ብቻ ይስጠው። «እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶብሃል ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፤ ሸክሙን ያቃልላል። ይህ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። ብዙ ሰው አልፎታል።

ያቺ እናት ዛሬ

መጨረሻውን ሳልነግራችሁ አልቀርም። ያቺ እናት ሙሉ ኪኒናቸውን መውሰድ ከጀመሩ በኋላ ስኳራቸው እየወረደ መጣ። አንድ ቀን 190፣ አንድ ቀን 160፤ ክፉ ወሬ የሰሙ ቀን ደግሞ ከፍ ይላል። ሁልጊዜ ደግ ቁጥር አላገኘንም። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ያለ ስኳር ቡና ይጠጣሉ። የሐሳባቸውን ሰዓት 11 ሰዓት ላይ አድርገውታል። በዚያን ሰዓት የልጃቸውን ፎቶ አውጥተው ያዩታል፣ ያነጋግሩታል፣ ከዚያ መልሰው ከካርዳቸው ጋር ላስቲክ ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያም ስፌታቸውን ያነሣሉ።

የልጁ ወሬ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ባለፈው ሳምንት ስለካቸው፣ «ልጄ ቢመጣ የሚያገኘኝ በሕይወት ልኑር ብዬ ነው የምውጠው» አሉኝና ኪኒናቸውን ሙሉውን በውኃ ዋጡ።

ውድ አድማጮች፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የቀራችሁን ኪኒን ቁጠሩ። የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ፤ መጻፍ የማትችሉ ልጅ አስጽፉ። ነገ ደግሞ አንድ የታመመ ጎረቤት ቤት ጎራ በሉና እስኪጨርስ አዳምጡት።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል ሰው አንብቡለት። በሚቀጥለው ፕሮግራማችን ስለ ስኳር ሕመምተኞች የእግር አያያዝ እንነጋገራለን። እስከዚያው አይዟችሁ።